በእናንተና በኮዳችሁ መሀል ደላላ አይግባ

የዛሬው ጨዋታችን ስልካችንን ስለምንደቅንበት ስለዚያ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ካሬ፣ ስለ ኪውአር ኮድ ነው። ርዕሱን ያመጣልኝ የኅትመት ሥራ የጀመረ አንድ ወጣት አንባቢ ነው። ልጁ ለአንድ ካፌ የምግብ ዝርዝር ማሳያ ኮድ ከኢንተርኔት ላይ “በነፃ” አውጥቶ፣ በየጠረጴዛው የሚቀመጥ 40 ካርድ አትሞ ያስረክባል። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ደንበኛ ስልኩን ሲደቅን የምግቡ ዝርዝር ቀርቶ “የሙከራ ጊዜው አልቋል፣ ይክፈሉ” የሚል ብቅ አለ። ባለካፌው “ገንዘቤን መልስ” ብሎ ይዞታል። ልጁም “ኮድ እንደ ወተት ቀን ያልፍበታል እንዴ?” ሲል ይጠይቀኛል።

ወንድሜ፣ አያልፍበትም! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ኪውአር ኮድም እንደዚያው ነው። ጽሑፉ ያለው እዚያው ካሬው ውስጥ ነው። አንተ ካርድ ላይ የታተመው ግን የካፌው አድራሻ ሳይሆን የዚያ ድረ ገጽ አድራሻ ነበር። ስልኩ መጀመሪያ ወደነሱ ይሄዳል፣ እነሱ ደግሞ ወደ ካፌው ይመሩታል። ደላላ በለው! ኮሚሽኑ ሲቀርበት መንገዱን ዘጋ። እውነቱን ለመናገር ይህ አሠራር ጥቅም አለው፤ ካርዱ ከታተመ በኋላም መድረሻውን መቀየር ያስችላል። አውቆ ለሚከፍል ሰው ችግር የለውም። ሳያውቅ የገባበት ነው የሚጎዳው። ስለዚህ ካርዶቹን በካፌው በራሱ አድራሻ፣ በራስህ ወጪ አትምለት። ያስረከብከው አንተ ነህና። ገንዘቡ ይተካል፣ ስም ግን አይተካም።

አሁን ደግሞ ውስጡን እንየው። ኮዱን እ.ኤ.አ. በ1994 የፈጠሩት የጃፓኑ ዴንሶ ኩባንያ ባልደረባ ማሳሂሮ ሃራና ጓደኞቹ ናቸው፤ የተሠራውም የመኪና ዕቃ ለመቆጣጠር ነበር። ኩባንያው ማንም እንዲጠቀምበት ስለተወው፣ ኮድ ለመሥራት የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። ሦስቱ ማዕዘን ላይ ያሉት ትልልቅ ካሬዎች ለካሜራው “እዚህ ነኝ” የሚሉ ምልክቶች ናቸው። ስልኩን ዘቅዝቃችሁ ብትይዙትም የሚያነበው በነሱ ነው። ትንሹ ኮድ 21 በ21፣ ትልቁ 177 በ177 ነጠብጣብ አለው።

ኮድ የሚሠራ ፕሮግራም ራሳችሁ ልትጽፉ ካማራችሁ ቅደም ተከተሉ ይኸውላችሁ።

አንደኛ፣ ጽሑፉን ወደ 0 እና 1 መለወጥ። ለምሳሌ የእንግሊዝኛው ትልቁ “ኤ” ቁጥሩ 65 ነው፤ ሲለወጥ 01000001 ይሆናል፣ 1 ባይት ማለት ነው። የኛ ፊደል ግን ሆዳም ነው፤ እያንዳንዱ 3 ባይት ይበላል። “ሰላም” ብቻውን 9 ባይት ነው። ከፊቱ የጽሑፉ ዓይነትና ርዝመት ይገባል።

ሁለተኛ፣ መጠባበቂያ መጨመር። ሪድና ሰለሞን የተባሉ የሂሳብ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት ስሌት ተጨማሪ ባይቶች ይሠራሉ። ካርዱ ላይ ቡና ቢፈስበት ስልኩ የጠፋውን አስልቶ የሚመልሰው በዚህ ነው። አራት ደረጃ አለው፤ ዝቅተኛው 7 በመቶ፣ ከፍተኛው 30 በመቶ ገደማ ጉዳት ይችላል።

ሦስተኛ፣ መደርደር። ማዕዘኖቹን ከሳላችሁ በኋላ ከታች ከቀኝ ጥግ ጀምራችሁ፣ ሁለት ሁለት ዓምድ ይዛችሁ፣ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እየተመላለሳችሁ ትሞላላችሁ።

አራተኛ፣ ጭምብል። ጥቁሩ ወይም ነጩ አንድ ቦታ ከተከማቸ ካሜራው ይደናገራል። ስለዚህ ቀለሙን በሥርዓት የሚገለባብጡ 8 ጭምብሎች አሉ፤ ፕሮግራሙ ሁሉንም ሞክሮ የተሻለውን ይመርጣል። የትኛው እንደተመረጠ ማዕዘኖቹ አጠገብ ይጻፋል።

የሁለተኛው ደረጃ ሂሳብ መጀመሪያ ላይ ራስ ያዞራል። ለጊዜው በፓይተን ቋንቋ “ሴግኖ” የሚባል ነፃ ላይብረሪ አለላችሁ። አንዴ ከጫናችሁት በሦስት መስመር ትእዛዝ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ኮዱን ያወጣላችኋል።

ከማተማችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር አደራ! አንድ፣ ኮዱን በስልክ ስታነቡት የሚመጣውን አድራሻ እዩ፤ የማታውቁት ስም ከሆነ ደላላ ገብቷል። ሁለት፣ በዙሪያው የ4 ነጠብጣብ ስፋት ያለው ነጭ ቦታ ተዉለት። ሦስት፣ የታተመ አድራሻ አይቀየርምና የማይቀያየር አድራሻ አስገቡ፤ ዋጋ ሲጨምር ገጹን ማስተካከል ይበቃል።

እስቲ ሞክሩትና የገጠማችሁን ጻፉልኝ። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ!