ከማስኩ በፊት ውሃ፣ ከሙቀት መለኪያው ጋር የወባ ምርመራ

በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በመንዱራ ወረዳ፣ በገነተ ማርያምና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ትምህርት የሚጀመረው ወባ በሚበረታበት ወቅት ነው። ክረምቱ ሲወጣ በየጉድጓዱና በየረግረጉ የተኛው ውሃ ትንኝ ይፈለፍልበታል፤ በመተከል ቆላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የበሽታው ዋና ወቅት ነው። ልጆች አዲስ ደብተር ይዘው ለሰልፍ የሚቆሙትም በእነዚሁ ወራት ነው። ስለ አዲሱ የትምህርት ዘመን የጤና ጥንቃቄ የሚጻፍ መመሪያ ይህን ሳይዝ ገነተ ማርያም ከደረሰ፣ ለሌላ ቦታ የተጻፈ ወረቀት ነው።

በ2013 የደረሰው የኮቪድ መመሪያም ከእንዲህ ያለ ወረቀት ብዙም የተለየ አልነበረም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ታወቀ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ። አሥራ አምስቱ ቀን ሰባት ወር ሆነ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤታቸው ዋሉ። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ፤ በከተማ ቴሌግራም ብዙ ሠራ። መብራት በሌለበት፣ ሬዲዮ እንኳ በማይገኝበት ቤት ላለ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን ትምህርቱ ተቋርጧል ማለት ነው።

ከዚያ የመክፈቻው ጊዜ መጣ። ትምህርት ሚኒስቴር ትምህርት ቤቶችን በየደረጃው ከጥቅምት 9 ቀን 2013 ጀምሮ ሲከፍት የገጠርና የወረዳ ትምህርት ቤቶችን አስቀደመ፤ ዞንና ክልል ከተሞች ተከተሉ፤ አዲስ አበባ መጨረሻ ላይ ሆነች። አስተሳሰቡ ትክክል ነበር፤ ቫይረሱ በከተማ በርትቶ ነበርና። መስፈርቱ ደግሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፦ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ፣ ማስክ፣ እጅ መታጠቢያ፣ ተራርቆ መቀመጥ፣ ካልተቻለ በፈረቃ ወይም ቀን በማፈራረቅ መማር፣ በር ላይ ሙቀት መለካት። እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚጀምረው አንድ የገጠር ርእሰ መምህር ወረቀቱን ይዞ ወደ ግቢው ዞር ሲል ነው።

የሙቀት መለኪያውን እንውሰድ። በከተማ ትምህርት ቤት በር ላይ ትኩሳት የታየበት ልጅ ወደ ቤቱ ቢመለስ ቤተሰቡ ሐኪም ጋር ይወስደዋል። በጥቅምት ወር በመንዱራ ትኩሳት ያለበት ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ወባ ነው። «ትኩሳት አለህ፣ ወደ ቤትህ ተመለስ» ብሎ መሸኘት ልጁን ከሕክምናው ማራቅ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት በሕፃናት ላይ ፈጥኖ ይከፋል፤ ሕክምናው ምልክቱ በታየ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር የሚመከረውም ለዚህ ነው። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጤና ኬላ ውስጥ ከጣት አንድ ጠብታ ደም ወስዳ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጠውን ፈጣን መመርመሪያ ትጠቀማለች፤ ፋልሲፓረም ከሆነ ኮአርተም የተባለውን መድኃኒት ትሰጣለች። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ደንብ አንድ ተጨማሪ መስመር ይፈልጋል፦ ትኩሳት ያለበት ተማሪ ከወላጅ ወይም ከመምህር ጋር በቀጥታ ወደ ጤና ኬላ ይሄዳል፤ ውጤቱ ለክፍል ኃላፊው ይነገራል። ይህች መስመር ኮቪድን ከወባ ለመለየት ትረዳለች፤ የታመመውን ታሳክማለች፤ ያልታመመውን በከንቱ ከትምህርት አታስቀርም።

ወባው የትናንት ታሪክም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው አኃዝ በኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ሲያዙ 1,157 ሞተዋል። በአንጻሩ በመላው የኮቪድ ዘመን በኢትዮጵያ በቫይረሱ መሞታቸው የተመዘገበው ከ7,500 በላይ ሰዎች ናቸው፤ ያልተመዘገበው እንዳለ ሆኖ። የማንም ሞት ከማንም ሞት አያንስም። ነገር ግን ለኮቪድ የተጻፈ የትምህርት ቤት ደንብ ለወባ አንድ ቃል ካልያዘ፣ መስከረም ላይ በመተከል በር የሚያንኳኳውን በሽታ ዘንግቶታል ማለት ነው።

ቀጥሎ ውሃ። «እጅ በሳሙና መታጠብ» ለመጻፍ የቀለለውን ያህል ለመፈጸም አይቀልም። አንድ ልጅ በደንብ ለመታጠብ ግማሽ ሊትር ውሃ ይበቃዋል እንበል፤ ጠዋት ሲገባና ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ቢታጠብ በቀን አንድ ሊትር ነው። 600 ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት 600 ሊትር፣ ማለትም ሠላሳ ባለ20 ሊትር ጄሪካን በየቀኑ ያስፈልጋል። ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ወይም ቦኖ ከሌለ ይህን ውሃ የሚቀዳው ማነው? ብዙ ጊዜ ሴት ተማሪዎች ናቸው፤ ሌሎች ክፍል ሲገቡ እነሱ ጄሪካን ተሸክመው ከምንጭ ይመለሳሉ። የጤና ጥንቃቄ የልጃገረዶችን የትምህርት ሰዓት እየበላ ከሆነ ዝግጅቱ ተሳስቷል።

ውሃ ሲኖር ግን መታጠቢያው ርካሽ ነው። በሁለት ባላ ላይ አግድም በተጋደመ እንጨት አምስት ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ይንጠለጠላል፤ ከአፉ በታች በሚስማር ይበሳል፤ ከአንገቱ የታሰረው ገመድ መሬት ላይ ካለ እንጨት ጋር ይያያዛል። ልጁ እንጨቱን በእግሩ ሲረግጥ ጄሪካኑ ያዘነብላል፣ ውሃው ይፈስሳል፤ እጁ ጄሪካኑን አይነካም። ሳሙናው በጎን በሲባጎ ይንጠለጠላል። ሥሩ ጠጠር ካልተደረገበት ውሃው ተጠራቅሞ ጭቃ ይሆናል፤ በመተከል ደግሞ የቆመ ውሃ ማለት ትንኝ ማለት ነውና ጠጠሩ የግድ ነው። ይህን የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች በአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሊሠሩት ይችላሉ።

ስለ ክፍሎቹ ብዙ ቃል አያስፈልግም። የአገሪቱ መለኪያ በመጀመሪያ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ በ25 ለመክፈል እጥፍ ክፍል ወይም ሁለት ፈረቃ ይጠይቃል። ቤንሻንጉል ጉሙዝ ግን ከሌላው የሚበልጥበት አንድ ሀብት አለው፦ ሽመል። በአገሪቱ ካለው የቆላ ቀርከሃ አብዛኛው የሚበቅለው በዚህ ክልል ነው፤ በሽመል የታጠረ የዳስ ክፍል ነፋስ ያሳልፋል። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ የሚስማማው አየር የማይንቀሳቀስበት የቆርቆሮ ክፍል እንጂ ነፋስ የሚገባበት ዳስ አይደለም። ወላጆች በአንድ የሥራ ቀን ሁለት ተጨማሪ ዳስ ማቆም ይችላሉ፤ ጣሪያው በክረምት እንዳያፈስ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሰጣቸው ከተገኘ።

ስለ መተከል ሲጻፍ ግን በ2013 የሆነውን መዝለል አይቻልም። በዚያ ዓመት ዞኑን የመታው ጥቃት ነበር። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በተፈጸመው ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ከዞኑ ተፈናቀለ፤ ብዙዎቹ በአዊ ዞን ቻግኒ አጠገብ በራንች መጠለያ ተጠጉ። አንድ ሜትር ተራርቆ መቀመጥ በሚባልበት ዓመት ቤተሰቦች በአንድ ድንኳን ተጨናነቁ። እነዚያን ልጆች ትምህርት ቤታቸውን ከቫይረሱ በላይ የነጠቃቸው ጥቃቱ ነበር። ስለዚህ የመተከል ትምህርት ቤት የጥንቃቄ ዕቅድ ልጆች ቢፈናቀሉ መዝገባቸው እንዴት እንደሚተላለፍ፣ በመጠለያ ውስጥ ማን እንደሚያስተምራቸው፣ ሲመለሱ በየትኛው ክፍል እንደሚገቡ ሊናገር ይገባል። ሰላም የሌለበት የጤና ዕቅድ በአንድ ቀን ይፈርሳል።

ሌላው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በመንዱራ ጉሙዝ፣ አገው፣ ሺናሻና አማራ አብረው ይኖራሉ፤ ክልሉም ጉሙዝኛን ጨምሮ በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል። የወረርሽኝ መልእክት ግን አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ ተጽፎ ይደርሳል። የአንደኛ ክፍል ልጅ እናት «ተሐዋሲ» የሚለውን ቃል ሳትሰማ ልጇን ታጥባለች፤ ልጇ ለምን እንደሚታጠብ በራሷ ቋንቋ ቢነገራት ግን ቤትም ታደርገዋለች። በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚያስተምሩ መምህራን ባሉበት አካባቢ ይህን ለመተርጎም ከውጭ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም።

«ኮቪድ አልፏል፣ አሁን ለምን?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓለም አቀፉን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አንሥቷል፤ እውነት ነው። ግን በነሐሴ 2014 በባሌ የጀመረው ኮሌራ ከዚያም ወዲህ ወደ ብዙ ክልሎች ተዛምቷል። ኅዳር 5 ቀን 2018 ደግሞ በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ታውጇል፤ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ኢትዮጵያ ወረርሽኝን ማወቅ የጀመረችውም ዛሬ አይደለም። በኅዳር 1911 የበረታው የኢንፍሉዌንዛ በሽታ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው፣ ያንን ዘመን ተከትሎ ነው። ሕዝቡ ከወረርሽኝ ተምሮ ልማድ አድርጎታል። ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ሳይዘጋጁ መክፈት አንድ አደጋ ሲሆን ዘግቶ መቆየት ደግሞ ሌላ ነው። ኡጋንዳ በመላው ዓለም ከሁሉም በላይ ለረጅም ጊዜ ትምህርት ቤት ዘግታ፣ ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ጥር 2 ቀን 2014 ነበር፤ ብዙ ልጃገረዶች በዚያ መሐል አርግዘው አልተመለሱም። በኢትዮጵያም በአንዳንድ አካባቢዎች ያለ ዕድሜ ጋብቻ የጨመረው ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት ነው። ወንዱ ልጅ ወደ እርሻ ወይም ወደ ባህላዊ ወርቅ ማውጫ፣ ሴቷ ወደ ትዳር ከሄዱ በኋላ ደወል ቢደወል የሚመለሱት ጥቂቶች ናቸው። በ2012 አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ በ2018 ሰባተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል በሚቆጥርበት ዓመት ያጣውን ወር ማንም አልመለሰለትም፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ብቻ ተዛውሯል።

ሌላው መልስ የሚሻ ክርክር ገንዘብ ነው። የወረዳ በጀት ደመወዝ ከፍሎ የሚተርፈው ጥቂት መሆኑን የሚክድ የለም። ግን በ2013 ማስክ፣ ሳኒታይዘርና ሙቀት መለኪያ ላይ የወጣው ገንዘብ ከጥቂት ወራት በኋላ አልቋል፤ ያኔ ጉድጓድ የተቆፈረለት ወይም ተጨማሪ ክፍል የተሠራለት ትምህርት ቤት ግን ዛሬም ይጠቀምበታል። ኮሌራ ቢመጣ ያው ውሃ ነው፤ ማርበርግ ቢመጣ ያው እጅ መታጠቢያ ነው። ለትምህርት ቤቶች ከሚሰጠው ድጎማ (ስኩል ግራንት) መጀመሪያ ለውሃ፣ ቀጥሎ ለክፍል፣ ከዚያ ለአላቂ ዕቃ የሚመደብበት ቅደም ተከተል ቢኖር የአንዱ ዓመት ወጪ ለሚቀጥለው ዓመት መሠረት ይሆናል። «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ከሕዝብ የሚሰበስበውም ገንዘብና ጉልበት በመንዱራ ከአጥርና ከቀለም በፊት ውሃ ላይ ቢውል ይሻላል።

ዕቅዱ ራሱ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ውሃው ከየት፣ ስንት ጄሪካን፣ ተረኛው ማን፤ ትኩሳት ያለበት ልጅ ወዴት፣ የትኛዋ ጤና ኬላ፣ ባለሙያዋ ማን፤ ቤቱ አጎበር የሌለው ልጅ ስንት፤ ክፍሎቹ ስንት፣ ተጨማሪ ዳስ የት፤ ልጆች ቢፈናቀሉ መዝገቡ በማን እጅ። ርእሰ መምህሩ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አብረው ይጽፉታል፤ በወላጆች ስብሰባ በየቋንቋው ይነበባል።

የሚጻፍበት ጊዜ ግን ነሐሴ ሊሆን አይችልም። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳው ምክር ቤት በጀት ካጸደቀ በኋላ የሚመጣ የውሃ ጉድጓድ ጥያቄ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፤ ልጆቹ ደግሞ መስከረም ላይ ግቢ ውስጥ ናቸው። የመንዱራ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ጤና ጽሕፈት ቤት የትምህርት ቤቶቹን አንዳንድ ገጽ በሚያዝያ ሰብስበው፣ ውሃ የሌላቸውን በቅደም ተከተል አስቀምጠው፣ ጥያቄውን በግንቦት ለወረዳው ፋይናንስና ለክልሉ ትምህርት ቢሮ ማቅረብ ይኖርባቸዋል። የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ ከዓባይ ማዶ ናት፤ ከመተከል የተላከ ደብዳቤ ደርሶ መልስ እስኪያገኝ የሚወስደውን ጊዜ ወረዳው ያውቀዋል፤ ዘግይቶ መላክ የአንድ የትምህርት ዘመን ውሃ ያሳጣል።