ጎሹ ሄደ፣ ስሙ ቀረ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ መንገደኛ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ የገፈርሳን ግድብ ያልፋል። የመዲናዋ ሰው ከዚያ ግድብ ውኃ ሲጠጣ ዘመናት አልፈዋል፤ የስሙን ትርጉም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ገፈርሳ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ዛሬ በዚያ የሚታይ ጎሽ የለም፤ ቃሉ ብቻ ቀርቷል። የአደንና የዓሣ ማስገር ወጋችንን ባሰብኩ ቁጥር ይህ ስም ትዝ ይለኛል። እንስሳው ሲሄድ ወጉን ተሸክሞ የሚቆየው ቃል ነው። ቃሉም ካልተነገረና ካልተጻፈ ብዙ አይቆይም።

መንገዱ ነቀምቴ ደርሶ ወደ ሰሜን ወደ ቡሬ ሲታጠፍ ወደ አንገር ሸለቆ ይወርዳል። በምሥራቅ ወለጋ የጊዳ አያና ወረዳ አገር ይህ ነው። አንገር ወደ ዴዴሳ ይገባል፤ ዴዴሳ ወደ ዓባይ። በእነዚህ ወንዞች ዳር የኖረው ኦሮሞም ጉሙዝም አደንን ከሥጋ ማግኛነት በላይ ያውቀዋል። አደን የወንድነት መለኪያ፣ የክብር መሰላል ነበር። በጥንቱ የኦሮሞ ልማድ ዝሆን፣ ጎሽ ወይም አንበሳ የጣለ ሰው ጠጉሩ ቅቤ ይቀባል፤ በሰው ፊት ቆሞም ጌራርሳ ይላል። ጌራርሳ ከአማራው ፉከራና ቀረርቶ ጋር የሚቀራረብ የጀግና ዜማ ነው። ባለግዳዩ አባቱንና ጎሳውን ይጠራል፣ የሄደበትን በረሃ ይዘረዝራል፣ የተጋፈጠውን አውሬ ያሞግሳል። አውሬው ያልተሞገሰ እንደሆነ ገዳዩም አይሞገስም። ስለዚህ ጥሩ ጌራርሳ የእንስሳውን ጠባይ፣ የጫካውን መልክና የወንዙን መሻገሪያ ሁሉ ይይዛል። ይህን ዜማ የማየው እንደ አገር መዝገብ ነው።

ያ ክብር የተመሠረተው በአደጋ ላይ ነበር። ጦር ይዞ ጎሽ ፊት የቆመ ሰው ከሁለት አንዱን መርጧል፤ ወይ ይገድላል፣ ወይ ይሞታል። ጠመንጃና ገበያ ሲመጡ ሚዛኑ ተዛባ። የለቃ ነቀምቴው ገዥ ኩምሳ ሞሮዳ ለዳግማዊ ምኒልክ ያስገቡት ከነበረው ግብር ውስጥ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ዋነኞቹ ነበሩ። ጥርሱ ዋጋ ሲያወጣ ዝሆኑ ተመናመነ። ምኒልክ ራሳቸው በ1901 ዓ.ም. አደንን፣ በተለይም የዝሆንን አደን የሚገድብ ደንብ እስከ ማውጣት ደረሱ። በኋላም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከለከለ።

«አደኑ ከቆመ ወጉ ምን ይተርፈዋል?» የሚል ሰው አለ። ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ ላቃልለው አልፈልግም። ነገር ግን መልሱን ጌራርሳ ራሱ ሰጥቶናል። የሚገደል ዝሆን ሲጠፋ ዜማው አልጠፋም። ስለ ችግር፣ ስለ ስደት፣ ስለ እስር፣ ስለ ትምህርት ይዜም ጀመር። ግጥሙ መልኩን ለውጦ ኖረ። በሌላ በኩል ምሥራቅ ወለጋ ባለፉት ዓመታት ብዙ ደም አይቷል፤ ዛሬ በጫካ ውስጥ ጠመንጃ ይዞ የሚታይ ሰው «አዳኝ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ስለዚህ ከአደኑ መቆየት ያለበት ጥይቱ አይደለም። መቆየት ያለበት ጫካውን የማንበብ እውቀት፣ ለአውሬው የነበረው አክብሮትና ያን ሁሉ የያዘው ቃል ነው።

ዓሣ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለያል። አንበሳ ሳይገደል ሊዘመርለት ይችላል፤ የዓሣ ማስገር ወግ ግን ዓሣ ሳይያዝ አይኖርም። እዚህ ላይ ሥራው ራሱ መቀጠል አለበት፤ አያያዙ ግን ካልታረመ ሥራውም አይቀጥልም። አንድ ምሳሌ ላንሳ። ብርብራ በኦሮምኛ ሶተሎ የሚሉት ዛፍ ነው፤ በወለጋ ለቡና ጥላ ይሆናል። ፍሬው ከቅርፊቱ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጥና ዱቄት ይሆናል። በጋ ላይ ወንዙ ሲጎድል ዓሣው በየኩሬው ይታጎራል። ያን ጊዜ ዱቄቱ ኩሬው ላይ ይበተናል። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያዘነብላል፣ ነጭ ሆዱ ይታያል። ሰው በእጁና በቅርጫት ይለቅማል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር የዓሣው አካል ኦክስጅንን እንዳይጠቀምበት ያግደዋል። በዚህ ዘዴ ትልቁም ትንሹም አብረው ያልቃሉ፤ ለከርሞ የሚተርፍ ጫጩት የለም።

ይህን ዛፍ፣ ይህን ወቅት፣ ይህን መጠን የለየ ሰው ያለ ቤተ ሙከራ ትልቅ ነገር ደርሶበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የበሽታውን መከላከያ ፍለጋ ጀመሩ። መነሻቸው የእናቶች እውቀት ነበር። የብርብራው እውቀትም ሊከበርና ሊመዘገብ ይገባዋል፤ ወንዝ ውስጥ ግን ሊበተን አይገባውም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315ም በመርዝና በፈንጂ ማስገርን ከልክሏል። ገበሬው ግን አዋጁን በነጋሪት ጋዜጣ አያነብም። አዋጁን የሚሰማው በአገሩ ቋንቋ፣ የራሱን ወንዝና የራሱን ዓሣ በስም ጠርቶ የሚነግረው ሲያገኝ ነው።

ጣና ላይ የሆነው ትምህርት ይሁነን። የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምቱ ማብቂያ እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ባለሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከመጣ በኋላ ዓሣው ልክ በዚያ ጉዞው ላይ እያለ በወንዞቹ አፍ ይታፈስ ጀመር። ብርብራውም ታከለበት፤ ቁጥሩ ክፉኛ አሽቆለቆለ። ከዚህ የሚከፋው የነገደ ወይጦ ታሪክ ነው። በታንኳ ሥራ የታወቁት እነዚህ የጣና ሰዎች ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ጉማሬ በልታችኋል ተብለውም ከማዕድ ሲገለሉ ኖረዋል። አደኑ ቆመ። ቋንቋቸውም ጠፋ፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ያ ቋንቋ በወጉ ሳይመዘገብ በመሞቱ ሊቃውንት ከየትኛው የቋንቋ ቤተሰብ እንደሚመደብ እንኳ መቁረጥ አልቻሉም። ሐይቁን ለሚያህል እውቀት የነበሩት ቃላት አብረው ተቀበሩ።

የጊዳ አያና ወንዞችም ከዚህ ዕጣ የራቁ አይደሉም። አንገር ላይ የተበተነ ነገር መንገዱ ዴዴሳ ነው፤ ከዴዴሳ ዓባይ፣ ከዓባይም የሕዳሴው ግድብ የፈጠረው ንጋት ሐይቅ። ከሐይቁ ዓሣ ለማስገር የሚያስብ ትውልድ የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር ሽቅብ እንደሚወጣ የሚያውቀውን የወንዝ ሰው መጠየቅ ይኖርበታል። ያ ሰው ደግሞ አርጅቷል።

ወለጋ ለዚህ ሥራ አርአያ አላት። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ በባርነት ተይዛ ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሕር ላይ ነፃ ወጣች። በምጽዋ አጠገብ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለች አምስት መቶ ገደማ የኦሮሞ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ጻፈች። ብዙዎቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው፣ እ.ኤ.አ. በ1894 በወጣው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ታተሙ። በኋላ ሁለቱም ወደ ወለጋ መጥተው ነቀምቴ ገቡ።

አስቴር ያን ሁሉ ስትጽፍ የምትጠይቀው አያት አጠገቧ አልነበረም፤ የጻፈችው ካስታወሰችው ነው። የዛሬው የጊዳ አያና ወጣት አያቱ ከጎኑ ተቀምጠዋል፤ ድምፅ የሚቀዳ ስልክም በኪሱ አለ። ዛሬ ማታ አንድ ጌራርሳ ይቅዳ፣ አምስት የዓሣ ስሞች ይጻፍ፣ ብርብራ ያልነካው ኩሬ የት እንዳለ ይጠይቅ። የገፈርሳን ጎሽ ለመመለስ አቅም የለንም። አንገር ላይ ግን ስሙም ዓሣውም አብረው ይቆዩ ዘንድ ገና ጊዜ አለን።