ገውዝ የምትተክለው እርግብ



ሰሞኑን ከተማሪዎቻችን አንዷ ከእናቷ ጓዳ አንዲት ፍሬ ገውዝ ይዛ መጣችና፣ «ኡስታዝ፣ ይህ የሚበቅለው የት ነው?» ስትል ጠየቀችን። ስሙ ከዐረብኛው «ጀውዝ» ጋር አንድ መሆኑን፣ አገሩም ሩቅ ምሥራቅ መሆኑን ነገርናት። በጫካ ውስጥ ዘሩን የምትተክለው እርግብ ናት ስንላት ግን ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ካለፈ በኋላ የተረክንላቸውን ታሪክ ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን።

የገውዝ ዛፍ የትውልድ ቦታ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ በስተምሥራቅ የሚገኙት ትንንሾቹ የባንዳ ደሴቶች ናቸው። እሳተ ገሞራ ከባሕር ያወጣቸው ተራሮች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ጉኑንግ አፒ (ትርጉሙ «የእሳት ተራራ» ማለት ነው) እ.ኤ.አ. በ1988 እንኳ ፈንድቷል። ገውዝ በእነዚህ ተራሮች ተዳፋት ላይ፣ በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል።

በዚያ ደን ውስጥ የምትኖረው እርግብ በየቤታችን ጣሪያ ላይ እንደምናያት አይደለችም። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት «ዱኩላ» ብለው ከሚጠሩት፣ ወደ 40 የሚጠጉ ዓይነቶች ካሉት ወገን ናት። ከእነዚህ ዓይነቶች ብዙዎቹ ከእስያ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉ ደሴቶችና ተራራማ ደኖች ውስጥ ይገኛሉ። የባንዳዋ እርግብ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ትረዝማለች፤ ጭንቅላቷና ደረቷ ግራጫ፣ ጀርባዋ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ዓይኗም ቢጫ ነው። እህል ለቅማ አታድርም፤ ምግቧ የዛፍ ፍሬ ነው።

የገውዝ ፍሬ ሲበስል ለሁለት ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ጥቁር ቡናማው ዘር በደማቅ ቀይ ልባስ ተጠቅልሎ ይታያል። እርግቧ የምትፈልገው ይህን ቀይ ልባስ ነው። ምንቃሯ ትንሽ ቢመስልም መንጋጋዋ በሰፊው ስለሚከፈት ዘሩን ከነልባሱ ትውጠዋለች። ሆዷ ልባሱን ይፈጨዋል፤ ጠንካራውን ዘር ግን አይነካውም። ከዚያም ወደ ሌላ ዛፍ፣ አንዳንዴም ባሕር ተሻግራ ወደ ሌላ ደሴት ትበርና ዘሩን ደህና እንደሆነ ትጥለዋለች። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1857 ባንዳ ደርሶ ይህን ጉዳይ ካጤነ በኋላ፣ በ1869 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ጽፎታል።

ሱብሓነላህ! መድረሳ ሳለን ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ወፍ ብትበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት ተምረናል። እዚህ ደግሞ የበላችው ወፍ ራሷ ተካይ ሆና እናገኛታለን።

ውድ አንባብያን፣ የባንዳ ሰዎች ሙስሊሞች ነበሩ። ገውዛቸውን ለጃዋ፣ ለማላይና ለዐረብ ነጋዴዎች እየሸጡ ሩዝና ጨርቅ ይገዙ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ መጣና «ከእኛ በቀር ለማንም እንዳትሸጡ» አለ። ዋጋው ዝቅተኛ ነበር። በልውውጥ ያመጣላቸውም ለዚያ ሞቃት አገር የማይሆን የሱፍ ጨርቅ ጭምር ነበር። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ለመጣ ነጋዴ ሁሉ መሸጡን ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በ1621 የኩባንያው ገዥ ያን ፒተርስዞን ኩን በጦር መርከቦች መጣ። ከ40 በላይ የሚሆኑ የአገር ሽማግሌዎች አንገታቸው ተቀላ። ከ15,000 ያህል ነዋሪዎች ውስጥ በደሴቶቹ ላይ የቀሩት 1,000 ገደማ ብቻ እንደነበሩ ይገመታል፤ የቀሩት በሰይፍ፣ በረሃብና በባርነት አለቁ፣ ወይም ተሰደዱ። መሬቱም ለሆላንዳውያን ተከፋፍሎ፣ ከሌላ አገር በመጡ ባሮች ጉልበት ይታረስ ጀመር።

ኩባንያው ገውዝ ከእጁ እንዳይወጣ ያልሞከረው ዘዴ አልነበረም። ለሽያጭ የሚወጣው ዘር ሌላ አገር ተተክሎ እንዳይበቅል በኖራ ይነከር ነበር። በሌሎች ደሴቶች የበቀለው ዛፍ እየተፈለገ ይቆረጥ ነበር። ሩን የምትባለውን የባንዳ ደሴት እንግሊዞች ይዘዋት ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1667 በብሬዳ ውል ለሆላንድ ስትለቀቅ፣ የዛሬዋ የኒውዮርክ እምብርት ማንሃተን ደግሞ ለእንግሊዝ ጸናች። አንዲት ፍሬ ይህን ያህል ዋጋ ነበራት!

እርግቧ ግን ኖራም ሆነ መድፍ አያግዳትም። ጧት ባንዳ ላይ የዋጠችውን ዘር ፈቃድ ሳትጠይቅ ወደ ጎረቤት ደሴት ይዛው ትሄድ ነበር። ኩባንያው ከመርከበኛ ጋር ውል ሊዋዋል፣ ኮንትሮባንዲስትንም በሞት ሊቀጣ ይችል ይሆናል፤ ከእርግብ ጋር ግን ምን ሊያደርግ? በየደሴቱ ቢያስቆርጥም መልሶ ይበቅል ነበር።

በመጨረሻ ሰዎችም ዘሩን ይዘው ወጡ። ፈረንሳዊው ፒየር ፑዋቭር እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ችግኙን ወደ ሞሪሸስ አደረሰ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባንዳን ለጥቂት ዓመታት የያዙት እንግሊዞችም ወደ ሌሎች ቅኝ ግዛቶቻቸው ወሰዱት። ዛሬ በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው ግሬናዳ የገውዝን ፍሬ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ አስፍራዋለች።

ከባንዳ ያመለጡት ሰዎችስ ምን ሆኑ? በጀልባ ሸሽተው ካይ በሚባሉት ደሴቶች ያረፉት ባንዳ ኤሊና ባንዳ ኤላት የተባሉ መንደሮችን መሠረቱ። ዘሮቻቸው እስካሁን ሙስሊሞች ናቸው፤ በገዛ አገሩ የጠፋውን የባንዳ ቋንቋም የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። የሚያስገርመው፣ ያቺው እርግብ በካይ ደሴቶችም ትኖራለች። የስደተኞቹ ልጆች ድምፅዋን ከዛፍ ላይ ይሰማሉ።

ይህን ስንተርክ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «እርግቦቹ ቢያልቁስ?» አለ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ከዱኩላ ወገን አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ የሚጥሉት አንድ እንቁላል ብቻ ነው። አድኖ የሚገድል ሰው ሲበዛና ደኑ ሲመነጠር ቶሎ አይተኩም። ወፊቱ ስትጠፋ ዛፉ ወዲያው አይደርቅም፤ እንደ ቆመ ይቆያል። ዘሩ ግን ከሥሩ ወድቆ፣ ከእናቱ ጥላ ርቆ የሚያደርሰው ያጣል። ትልቅ ዘር ያላቸው የደን ዛፎች እንዲህ ሰፊ አፍ ካላቸው ወፎች በቀር የሚሸከማቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ ደኑ አለ ብለን ስንጽናና፣ የነገው ደን ሳይተከል ሊቀር ይችላል።

ወላጆች ሆይ! በሚቀጥለው ጊዜ መከለሻ ስታዘጋጁና ገውዝ ስትፍቁ ልጆቻችሁን ጠርታችሁ ዘሯን አሳዩዋቸው። ስለተገደሉት የባንዳ ሽማግሌዎችና በጀልባ ቋንቋቸውን ይዘው ስለወጡት ሰዎች ንገሯቸው። ስለ እርግቧም አትርሱ። ተማሪያችን ያመጣቻትን ፍሬ ወደ እናቷ ጓዳ መልሳለች፤ እናቷ ግን ታሪኩን ሁለት ጊዜ አስደግመው እንደሰሟት ነግራናለች።

በአላህ ፈቃድ በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።