ለንብ ቀፎ የሚሆን ቁርጥራጭ ጣውላ

በደብረ ማርቆስ ከተማ በእንጨት ሥራ ቤቶች ደጃፍ የሚከመረው ቁርጥራጭ ጣውላ በማዳበሪያ እየተሞላ ለማገዶ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። ከከተማው ወጣ ባሉት ቀበሌዎች ደግሞ የተሻለ ቀፎ መሥራት ለሚፈልገው ንብ አርቢ ገበሬ የጣውላ ዋጋ አልቀመስ ብሎታል። እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሥራ ሊሆን ይገባል። ይሁን እንጂ ከቀፎው የትኛው ክፍል ጣውላ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ካልታወቀ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ሆኖም አብዛኛው ማር የሚገኘው እበት ከተለቀለቀው ባህላዊ ቀፎ ነው፤ ከአንዱ የሚቆረጠውም ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ አይበልጥም። ባለፍሬሙ የሣጥን ቀፎ የበለጠ ይሰጣል። ነገር ግን ሰም አትሞና ማር ማጣሪያ ይፈልጋል፤ ልኩም ጥብቅ ነው። ለንቦቹ የሚተወው መተላለፊያ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ካልሆነ፣ ሲጠብ በሙጫ ይደፍኑታል፣ ሲሰፋ ተጨማሪ እንጀራ ይሠሩበታል። ስለዚህ የሣጥን ቀፎን በቁርጥራጭ ጣውላ ልገጣጥም ማለት ለጀማሪ አይመከርም።

ለእኛ አካባቢ የሚስማማው የሽግግር ቀፎ ነው። ይህ ቀፎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኬንያ ከተሠራው ባለ አግዳሚ ቀፎ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ጎኖቹ ወደ ታች እየጠበቡ የሚሄዱ ሲሆን፣ ንቦቹ እንጀራቸውን የሚያንጠለጥሉት ከላይ በተደረደሩ ጠባብ እንጨቶች ላይ ነው። አካሉ ጣውላ መሆን የለበትም። ከጨፈቃ ወይም ከስናን ደጋ ቀርከሃ ተሠርቶ በጭቃና በእበት ቢለቀለቅ ይበቃል። ክዳኑም ሣር ወይም አሮጌ ቆርቆሮ ቢሆን ንቦቹ ቅር አይላቸውም።

እውነተኛ ጣውላ የሚያስፈልገው ለአግዳሚዎቹ ነው። የአንዱ ርዝመት 48 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 32 ሚሊ ሜትር ነው። የርዝመቱ ነገር ለእኛ ይመቸናል፤ አናጢው ለምንም አይሆነኝም ብሎ የሚጥለው የግማሽ ሜትር ቁራጭ ለዚህ ሥራ ልኩ ነውና። ወርዱ 11 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቁራጭ ሦስት አግዳሚ ይወጣል። 28 አግዳሚ ቢደረደር 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን፣ አሥር ቁራጭ ለአንድ ቀፎ በቂ ነው። በወርዱ ግን መደራደር አይቻልም። አንዳንድ አናጢ “ትንሽ ቢሰፋ ምን አለበት” ይላል። አለበት እንጂ! እንጨቱ ከሰፋ ንቦቹ ሁለቱን አግዳሚ አጣብቀው በሰያፍ ይሠራሉ፤ ገበሬውም እንደ ጥንቱ እያፈረሰ ለመቁረጥ ይገደዳል። ወርዱ በአውሮፓ ንብ ልክ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኛ ንብ አነስ ያለች ስለሆነች 32 ይበቃታል። አንድ ልክ በትክክል ተቆርጦ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቢቀመጥ ክርክሩ ይቀራል።

ከቁርጥራጩ የዋንዛው ይመረጣል፤ ቀላል ነው፣ አይጣመምም። ለቀፎ ተብሎ ዋንዛ መቁረጥ ግን ንቢቱ የምትቀስመውን አበባ ነጥቆ ቤት እንደ መስጠት ነው። ባሕር ዛፍም ይሆናል፤ እርጥቡ ግን ሲደርቅ ስለሚጣመም፣ ከመለካቱ በፊት በጥላ ሥር መድረቅ አለበት።

ሁሉም ቁራጭ አይወሰድም። ቀለም የተቀባ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት የተጫነበት ሣጥን፣ እንዲሁም በኬሚካል የተነከረ አሮጌ የመብራት እንጨት ንቡንም ማሩንም ይጎዳል። የዕቃ መጫኛ ፓሌት ሲገኝ ማህተሙ ይታይ፤ “ኤም” እና “ቢ” የተባሉት የላቲን ፊደላት ካሉበት በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነውና ይተው።

አንድ ገበሬ ለብቻው ሄዶ ሁለት ቁራጭ ከሚለምን፣ ማኅበሩ ከሁለትና ከሦስት እንጨት ቤቶች ጋር ተነጋግሮ ከግማሽ ሜትር በላይ የሆነው እንዲለይለት ቢዋዋል ይሻላል። የሚከፈለው ከማገዶ ገዢው ጥቂት ከፍ ቢል እንኳ ሙሉ ጣውላ ከመግዛት ይረክሳል። ገበያ የወጣው አህያ ባዶውን ከሚመለስ ያንኑ ይጭናል። ለውሉ የሚመቸው በጋው ነው። አደይና ኑግ ሲያብቡ፣ መንጋው ከመስከረም ጀምሮ ማደሪያ ሲፈልግ፣ አግዳሚዎቹ ደርቀውና ሰም ተቀብተው መገኘት አለባቸው። በነሐሴ ዝናብ የተቆረጠ እንጨት ለዚያ አይደርስም።