የአባባ በቀቀን አዲሱን ቤት እምቢ አለ

ወዳጆቼ! በዚህ ሳምንት ከ«ፍቅረኛዬ ዘጋኝ» ደብዳቤዎች ትንሽ ዕረፍት አገኘን። የጻፈችልን የ23 ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ስሟ እንዲወጣ አትፈልግም። ጉዳዩ የበቀቀን ነው። ሳትስቁ አንብቡት።

አባቷ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል። ትተውት የሄዱት ግራጫ በቀቀን ግን በእሳቸው ድምፅ «ቡናው አልደረሰም?» ይላል። እናት ሲሰሙ አንዳንዴ ይስቃሉ፣ አንዳንዴ ጓዳ ገብተው ያለቅሳሉ። ወፉ እዚያ ቤት ከገባ 38 ዓመቱ ነው፤ ለልጅቷ በ15 ዓመት ታላቋ ማለት ነው። አሁን ቤተሰቡ ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮንዶሚኒየም ሊገባ ነው። ወንድሟ «ይሄን ዝገት ይዘን አንገባም» ብሎ በያጅ ዘንድ ትልቅ የሽቦ ቤት አሠራና ወፉን በፎጣ ጠቅልሎ ከተተው። ጮኸ፣ ከቆጡ ወደቀ፣ ቀኑን ሙሉ ምግብ አልነካም። ወደ አሮጌው ሲመልሱት በላ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ትንፍሽ አላለም። «የአባዬን ድምፅ ልናጣው ነው ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ ወንድምሽን አትቆጪው፤ ያሰበው ደግ ነው። ግን ግራጫ በቀቀን በሰው ቤት ከ40 እስከ 60 ዓመት የሚኖር ፍጥረት ነውና የእናንተው ወደ ሽምግልናው ገብቷል። በዚህ ዕድሜ ዓይኑን ሞራ ሊጋርደው፣ እግሩን ቁርጥማት ሊይዘው ይችላል። ውኃው የት እንዳለ፣ ቆጡ ስንት እርምጃ እንደሆነ የሚያውቀው በልምድ ነው። አያትሽን በእንቅልፍ ልባቸው ተሸክመሽ ሰው ቤት ብታስቀምጫቸው ምን ይሉ ነበር?

ስለዚህ ቤትና የወፍ ቤት ባንዴ አይቀየርም። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ በዚያው በዛገው ቤቱ ይግባ። አንድ ጎኑን ግድግዳ አስደግፉት፣ እናትሽን የሚያይበት ቦታ ይሁን። ማድ ቤት ግን በፍጹም! ቴፍሎን መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጭስ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። የከሰልና የዕጣን ጭስም ለሳንባው ጠላት ነው። እሱ ስለ ቡናው ቢጠይቅም፣ ሲቆላ ሌላ ክፍል ይቆይ።

እስከዚያ በያጁን ጠይቂው፤ ሽቦው ጋልቫናይዝድ ነው ወይ? ከሆነ ዚንክ አለበት፤ በቀቀን ደግሞ ሽቦ ይልሳል፣ ያኝካል፣ ይመረዛል። በአቼቶ መፈተግ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። እኔን ከጠየቅሽኝ ሽቦው ይቀየር። በሽቦና በሽቦ መካከል ያለው ክፍተትም ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ጭንቅላቱ እንዳያልፍ።

ወፉ አዲሱን ሰፈር ከለመደ በኋላ ሁለቱን ቤቶች በር ለበር አጠጋጉና ሳምንት ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ይየው። አዲሱ ውስጥ የለመደውን ቆጥና የለመደውን የምግብ ዕቃ አስገቡለት። ቆጡ ዝቅ ይበል፣ ወለሉ ላይ ወፍራም ፎጣ ይነጠፍ፤ ሽማግሌ መውደቁ አይቀርም። መድኃኒት ያልተረጨ የዘይቱን ቅርንጫፍ ብትጨምሪለት ለእግሩ ጥሩ ነው። ከዚያ እናትሽ (ወንድምሽ አይደለም፤ እሱን ገና ቂም ይዞበታል) ለውዝ መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ቆይተው ውስጥ ያድርጉለት። ሁልጊዜ በጠዋት ይሁን፤ አዲሱን ቤት በብርሃን ያጥናው። ማታ ወደ አሮጌው ተመልሶ ይደር። በራሱ እየገባ መብላት ከጀመረ ከጥቂት ቀን በኋላ እዚያው ያድራል። ወር ቢፈጅ አትደንግጪ።

ምግብ ላይ አዲስ ነገር አትሞክሩ። አቮካዶ ደግሞ መርዙ ነው፣ ጭማቂ ቤት የለመደ ሰው ይህን አያምንም። በየጠዋቱ በማድ ቤት ሚዛን መዝኝው፤ ክብደቱ አንድ አሥረኛ ከቀነሰ፣ ላባውን ነፍቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ ወይም ላባውን መንቀል ከጀመረ፣ ያኔውኑ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ወፍ ሕመሙን ስለሚደብቅ ሲታይበት ብዙ ቆይቷል ማለት ነው።

ወንድምሽ «ቢሞት ሌላ እንገዛለን» ብሏል አሉ። ከዱር የተያዘ ግራጫ በቀቀን ለንግድ ድንበር እንዳይሻገር በዓለም አቀፍ ስምምነት ከታገደ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ ነው። ቢገኝስ «ቡናው አልደረሰም?» የሚለውን በማን ድምፅ ሊል?

ዝምታው የፍርሃት ይመስለኛል። የደነገጠ በቀቀን ዝም ይላል፤ ሲረጋጋ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። እናትሽ በለመደው ሰዓት ስኒውን ያንኳኩ፣ ያናግሩት። አንቺ ስልክሽን አዘጋጅተሽ ጠብቂ፤ አንዴ ከተናገረ ቅጂው።

አሮጌውን ቤት ደግሞ ወፉ በአዲሱ አንድ ወር ሙሉ ሳያድር ለቆራሌው እንዳትሰጡ። ወንድምሽ ካፈረበት ነጠላ ያልብሰው።