የእግር መንገድና የወንዝ ውኃ

በእግር መሄድና መሮጥ ለጤና እንደሚበጅ መምህራን ዘወትር ያስተምራሉ። የሚኬድበት ስፍራ ግን ምን ዓይነት ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በአሜሪካ አገር፣ በቦስተን ከተማ «የመረግድ ሐብል» የሚባሉ ተያያዥ መናፈሻዎች አሉ። ከከተማው መካከል እስከ ፍራንክሊን መናፈሻ 11 ኪሎ ሜትር ያህል በዛፍ ጥላና በውኃ ዳር መሄድ ይቻላል። ተማሪ ሳለሁ ተመላልሼበታለሁ፤ የአትክልተኛ ጥበብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ፍሬደሪክ ሎው ኦልምስቴድ በ1878 እ.ኤ.አ. ሥራውን ሲጀምር ባክ ቤይ የተባለው ስፍራ የቤት ፍሳሽ የሚከማችበት፣ ጠረኑ የማያስቀርብ ረግረግ ነበር። ስለዚህ ከከተማው መሐንዲሶች ጋር ሆኖ ፍሳሹ በቦይ ተለይቶ እንዲሄድ፣ የባሕሩም ሙላት በበር እንዲገታ አደረገ። እርሱ ራሱ ያን ስፍራ መናፈሻ ከማለት ይልቅ የጤና ሥራ ሊለው ይወድ ነበር።

በአዲስ አበባም የወንዝ ዳር ልማት በ2011 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ዳሩ ድንጋይ ተነጥፎ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ወደ ወንዙ መውረዱን ካልተወ፣ ሯጩ የሚተነፍሰው ያንኑ ጠረን ነው። በእኔ አስተያየት፣ መንገዱ ከመነጠፉ አስቀድሞ ወደ ውኃው የሚወርደው ቱቦ ሁሉ ወደ ፍሳሽ መስመር ሊዛወር ይገባል። ተማሪዎቹን ወደ ወንዝ ዳር የሚያወጣ መምህርም ውኃውን ሳያስነካ ቱቦዎቹን አስቈጥሮ፣ ቍጥሩን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቢልክልን ደስ ይለናል።