ሽንት ቢያመልጥ አያሳፍርም

ፕሮስቴት ምንድን ነው? በወንዶች ሰውነት ውስጥ፣ ከሽንት ፊኛ በታች፣ የሽንት ቧንቧን ዙሪያውን ይዞ የሚገኝ ዕጢ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ካንሰር ሊይዘው ይችላል።

ሐኪም ይህን ዕጢ በቀዶ ጥገና ሲያወጣው ሽንትን የሚቋጥረው ጡንቻ ይደክማል። ስለዚህ የሽንቱ ቱቦ ከወጣ በኋላ ሰውየው ሲያስል፣ ሲስቅ፣ ሸክም ሲያነሳ ሽንት ያመልጠዋል። ብዙ አባቶች በዚህ ያፍራሉ። ከዕድር ይቀራሉ፤ ከገበያ ይቀራሉ። ውኃ መጠጣትም ይተዋሉ። ይህ ግን ይጎዳል። ውኃ ሲያንስ ሽንት ይጠቁርና ፊኛን ይቆጠቁጣል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጡንቻውን እናሠራው። ፈስ እንዳያመልጠን እንደምንይዝ ወደ ውስጥ ሰብሰብ እናድርግ። እስከ 5 እንቁጠርና እንልቀቅ። እስከ 5 ቆጥረን እንረፍ። ይህን 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ እንሥራ። ቱቦው ሳይወጣ ግን አይጀመርም። ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ አንዳንዱ እስከ 1 ዓመት ይቆያል። እስከዚያው ንጹሕ ጨርቅ አጥፎ መያዝ፣ ሲርስ መለወጥና መታጠብ ነው። ቡናና አረቄ መቀነስም ይረዳል።

በጨረር የታከመ ሰው ሽንቱ ያቃጥለዋል፤ ቶሎ ቶሎም ይመጣበታል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ከዓመታት በኋላ ግን ደም ሊታይ ይችላል።

ደም ከታየ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ፣ ሳንውል ሳናድር ጤና ጣቢያ እንሂድ። ሽንት የታገደበት ሰው እስከ ነገ አይጠብቅም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካለን ይህን እናንብብለት።